ስለ ጠረጴዛ ጨዋታ ድምፅ ቅጂና ሥርጭት የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ! ስማ! ዳይስህን እንደጨበጥህ ስማ! በድሮው ሥርዓት ነጋሪት ጎሳሚው የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። የአዳራሽ ጫጫታ ሰለባ የሆኑት ግርማዊ ጆሮ ግን ይህን ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ገድበውታል፦ የሰማ፣ ላልሰማ ከማሰማቱ በፊት አብረውት የተጫወቱትን ያስፈቅድ።

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 ከወጣ ወዲህ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንዱ ሲተርክ ሌሎቹ ጠንቋይ ወይም ሌባ ሆነው መጫወታቸው የታወቀ ስለሆነ፤ ጋይጋክስ በ1968 በሌክ ጂኒቫ፣ ዊስኮንሲን የጀመረው ጄን ኮን የተባለው የጨዋታ ኮንቬንሽን በቅርብ ዓመታት በኢንዲያናፖሊስ ከ70 ሺህ በላይ ሰው የሚያሰባስብ ስለሆነ፤ በዚያም የማይተዋወቁ ሰዎች ለ4 ሰዓት ያህል ተገናኝተው ዘንዶ ገድለው የሚለያዩ ስለሆነ፤ ከመካከላቸውም መቅረጫ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ስለማይጠፋ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፣ ትርጓሜ። በወንድ ፆታ የተነገረው ለሴትም ያገለግላል፤ ለድዋርፍ፣ ለኤልፍና ለግማሽ ኦርክም እንዲሁ። «ጌም ማስተር» ማለት ዘንዶውን፣ የመጠጥ ቤቱን ባለቤትና ዝናቡን በአንድ ጉሮሮ የሚጫወት ሰው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንቀጽ 2፣ ፈቃድ። በኢንዲያና ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ንግግሩን መቅረጽ ይቻላል። ፓክስ የሚባለው ኮንቬንሽን ወደሚካሄድበት ወደ ሲያትል ሲሻገሩ ግን የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ለግል ንግግር የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚተራመስበት አዳራሽ ዘንዶን መሳደብ የግል ንግግር ነው ወይ የሚለውን ግርማዊ ጆሮ ለጠበቆች ትተውታል። የእሳቸው ትእዛዝ ከሁለቱም የጠበቀ ነው። ፈቃድ ሁለቴ ይጠየቃል፦ አንዴ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት፣ አንዴ ደግሞ ጨዋታው ሲያልቅ። በመጀመሪያው ሰዓት እሺ ያለ ሰው በሦስተኛው ሰዓት የጎብሊን ንግሥት ሆኖ እንደሚዘፍን ከየት ያውቃል? አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ መቅረጫው ይዘጋል፤ ማኩረፍ ክልክል ነው።

በብዙ ጠረጴዛዎች መሐል ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጣል። ጆን ስታቭሮፑሎስ ባስተዋወቀው በዚህ ዘዴ፣ ነገሩ የከበደው ሰው ካርዱን ሲነካ ትዕይንቱ ያለ ማብራሪያ ይታለፋል። ካርዱ የተነካበት ቦታ ከቅጂውም ይቆረጣል። ሰዎቹ እውነተኛ ስማቸውንና ሥራቸውን ያወሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችም እንዲሁ።

አንቀጽ 3፣ ምስጢር። የኮንቬንሽን ጀብዱ አንዴ ተጫውተውት የሚያልቅ አይደለም፤ ጠዋት የተመራው ከሰዓት በኋላ ለሌላ ቡድን ይደገማል። ጋይጋክስ በ1975 በባልቲሞር ለተካሄደው የመጀመሪያው ኦሪጅንስ ኮንቬንሽን «ቱም ኦፍ ሆረርስ» የተባለውን የመቃብር ጀብዱ ያዘጋጀው የተለያዩ ቡድኖች ያንኑ መቃብር እየገቡ እንዲወዳደሩ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ፤ ወደ አፉ የገባ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። የአንዱ ቡድን ቅጂ በምሳ ሰዓት ለተከታዩ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ማን ጭንቅላቱን ያስገባ ነበር? ስለዚህ ጌም ማስተሩ «ከእንግዲህ አልመራውም» እስኪል ድረስ ቅጂው በመሳቢያ ይቆይ። (ግርማዊ ጆሮ የመቃብሩን ምስጢር ያወጡት ጀብዱው በ1978 ታትሞ ስለወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባበት ራሱን ይውቀስ።)

አንቀጽ 4፣ ስለ መሣሪያ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሲጣል ለሰው ጆሮ ኳ ይላል፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ መቅረጫ ግን የግንብ መፍረስ ነው። መቅረጫው በታጠፈ ሹራብ ላይ ይቀመጥ፣ ዳይሱም ጨርቅ በለበሰ ትሪ ውስጥ ይጣል። ከፍተኛው ድምፅ መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አስቀድሞ ይስተካከል፤ ሹክሹክታን በኋላ ማጉላት ይቻላል፣ የተሰነጠቀን ጩኸት ግን ማንም አይጠግነውም። ተጫዋች ካርታ ላይ እየጠቆመ «እዚህ ጋ ቆሜያለሁ» ቢል አድማጭ ጣቱን አያይምና «ከበሩ በስተግራ» ይበል።

በሲዲ ጥራት የተቀረጸ ያልታመቀ የ4 ሰዓት ጨዋታ 2.5 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ብዙ መቅረጫዎች ደግሞ አንዱ ፋይል 2 ጊጋባይት ሲደርስ ዘግተው ሌላ ይከፍታሉ፤ ይህም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ልክ ዘንዶው ብቅ ሲል መሆኑ ነው። ሁለተኛ ፋይል መኖሩን ሳያይ የመጀመሪያውን ያሠራጨ ሰው ጀግኖቹን ዋሻ በር ላይ ገትሯቸው ቀርቷል። ቅጂው በ128 ኪሎቢት ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ወደ 230 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ አልገባ አለኝ የሚል ሰበብ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 5፣ ስለ ማወዳደር። በ2015 መሠራጨት የጀመረው የ«ክሪቲካል ሮል» የጨዋታ ትርኢት ተጫዋቾች ባለሙያ የድምፅ ተዋንያን ናቸው፤ ካሜራ ፊት ከመቅረባቸው በፊትም ቤት ውስጥ አብረው ሲጫወቱ ቆይተዋል። በ2019 ለአኒሜሽን ሥራቸው ከአድናቂዎቻቸው ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበዋል። ይህን መለኪያ አድርጎ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረዱ ስድስት ባይተዋሮችን መገምገም ግፍ ነው። የእነሱ ቅጂ ሌላ ጣዕም አለው፦ በመጀመሪያው ሰዓት ተራ እየተጠባበቁ በትሕትና የሚናገሩት ሰዎች በአራተኛው ሰዓት እርስ በርስ ንግግር ሲነጣጠቁና በወንበዴ ስማቸው ሲጠራሩ ይሰማል። ግርማዊ ጆሮ ይህን አዋጅ ያወጡትም እንዲህ ያለው ቅጂ እንዲበዛ ፈልገው እንጂ ሊከለክሉ አይደለም።

አንቀጽ 6፣ ቅጣት። ሳያስፈቅድ ያሠራጨ ሰው በሚቀጥለው ኮንቬንሽን ሙሉውን 4 ሰዓት ዋሻ በር ላይ በቅሎ የሚጠብቅ አሽከር ሆኖ ይጫወታል፤ ይቀረጻልም። እሱ ግን ፈቃዱን ሁለቴ ይጠየቃል።