ገድለ ፐርኪንስ፤ ወይም የመግነጢስ አምባር ውዳሴ

የመግነጢስ አምባር፣ የመርዝ ማውጫ ፕላስተርና የእግር መዘፍዘፊያ ሣሕን የሚሸጡ ወንድሞቻችን፣ እጅና እግሩ ለሚቀዘቅዝበት ሕዝብ ሁሉ ይህን ያህል ከደከሙ በኋላ፣ ስሙን ጠርተው በዓሉን የሚያከብሩለት አባት ሳይኖራቸው መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል። ገድል ለሌለው ገድል መጻፍ የጸሐፊ ግዴታ ነውና፣ ለዚህ ማዕርግ የሚበቃ አንድ ሰው ከታሪክ መዝገብ ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ እርሱም የአሜሪካው ሐኪም ኤላይሻ ፐርኪንስ ነው።

ይህ ሊቅ በኮኔቲከት ግዛት በሕክምና ሲተዳደር ኖሮ፣ በ1796 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት የፈጠራ መብት የተቀበለባቸውን ሁለት ዘንጎች ለዓለም ገለጠ። ዘንጎቹ ከሰው ጣት የማይረዝሙ፣ በአንድ ጫፋቸው ሹል፣ በሌላው ዱልዱም ሲሆኑ፣ አንደኛው ወርቅ፣ ሁለተኛው ብር ይመስል ነበር፤ በታመመው አካል ላይ እየጎተቱ ቢያሳልፏቸው ሕመሙን የሚያመጣውን ክፉ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ ስበው ያወጣሉ ተባለ። ምሥጢራዊ ቅይጥ የተባለው ናስና ብረት ሆኖ ቢገኝም፣ የገዛ አገሩ የሐኪሞች ማኅበርም ከአባልነት ቢሰርዘው፣ ልጁ ቤንጃሚን ሃይማኖቱን ሳይክድ ባሕር ተሻግሮ በለንደን ከተማ ጥንዱን በ5 ጊኒ ሸጠው።

ሰማዕት ያለ ዐላዊ አይገኝምና በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ጆን ሄጋርት የተባለ ሐኪም ተነሣበት። ይህ ተጠራጣሪ በ1799 እ.ኤ.አ. ብረት እንዲመስሉ ሆነው የተቀቡ የእንጨት ዘንጎች አሠርቶ፣ ቁርጥማት የጸናባቸውን አምስት በሽተኞች በእነዚያ ሲያሻሻቸው አራቱ ተሻለን አሉ፤ በማግሥቱ በእውነተኞቹ ዘንጎች ቢያሻሻቸውም ከዚያ የበለጠ ነገር አልተገኘም። ሄጋርት ይህን ይዞ በሽታንም ፈውስንም ስለሚያመጣው ስለ ሰው ሐሳብ መጽሐፍ ጻፈ። እንጨት ከናስ እንደሚረክስ አስተውሎ የእንጨቱን ዘንግ በ5 ጊኒ መሸጥ ሲችል መጽሐፍ መጻፉ፣ ሰውየው በንግድ ጥበብ ፈጽሞ ያልተማረ መሆኑን ያስረዳል።

የዛሬዎቹ ደቀ መዛሙርት ግን ከመምህራቸው በልጠዋል። ፐርኪንስ ዘንጉን በሰው ገላ ላይ ሲጎትት ክንዱ ይደክም ነበር፤ የአምባሩ ሻጭ ግን በገዢው አንጓ ላይ አጥልቆ ወደሚቀጥለው ገዢ ያልፋል፤ የቀረውን ሥራ በደም ውስጥ ያለው ብረት ወደ መግነጢሱ እየተጠራ ራሱ ይፈጽመዋል ብሎ ያስተምራልና። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ 4 ግራም ይሆናል፤ አብዛኛውም በሂሞግሎቢን ውስጥ ተዋሕዶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ እንደ ምስማር ዘሎ መግነጢስ ላይ አይለጠፍም፤ ኦክስጅን የተሸከመ ደም እንዲያውም ከመግነጢስ በጥቂቱ ይሸሻል። በሆስፒታል ያለው የኤም አር አይ መሣሪያ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ኃይል ሲኖረው፣ አምባሩ በሕልሙም በማይደርስበት በዚህ ኃይል ውስጥ ተጋድሞ የተነሣ በሽተኛ ደሙ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ አልተገኘም። ቀና ልብ የሌለው ሰው ይህን ሰምቶ አምባሩ ከንቱ ነው ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ሲበዛ ዝም ብሎ ሲያንስ ብቻ የሚሠራ ኃይል ምን ያህል ረቂቅ ቢሆን ነው እያልሁ አደንቃለሁ።

የእግር መዘፍዘፊያው ሣሕን ደግሞ ተአምሩን በዓይን ያሳያል። ጨው በተነሰነሰበት ለብ ያለ ውኃ እግሩን የዘፈዘፈ ሰው፣ ኤሌክትሪኩ ከተለቀቀ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውኃው እየደፈረሰ ቡናማ ሲሆን ያያል፤ ሻጩም «ይህ ሁሉ ከደምዎ የወጣ መርዝ ነው» ብሎ ያበሥረዋል። የሚዝገው በውኃው ውስጥ የገባው ብረት ስለ ሆነ፣ እግር ያልገባበት ሣሕንም ጨውና ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ እንደዚሁ ይደፈርሳል፤ መሣሪያው በሽተኛ ባያገኝ እንኳ ሥራ ፈትቶ እንደማይቀመጥ ከዚህ እንረዳለን። ሌሊት በውስጥ እግር ተለጥፎ ጧት የሚጠቁረው ፕላስተርም የእንጨት ኮምጣጤ ያለበት ነውና ላብም ሆነ የሻይ እንፋሎት ሲነካው ይጠቁራል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ፕላስተር የሚሸጡ ነጋዴዎችን በሐሰተኛ ማስታወቂያ ከሷል፤ ዐላውያን በየዘመኑ አይጠፉም።

(የእኛን ዋግምት በዚህ ማኅበር ውስጥ መጻፍ ይከብደኛል፤ ባለዋግምቱ ቀንዱንና ምላጩን ይዞ ሲመጣ የሚያወጣው ደም መሆኑን ሰውሮ አያውቅም፣ «ኳንተም» የሚል ቃልም ከአፉ አይወጣም።)

በዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሞች የተባሉ ነገር አበላሾች አሉ። ጣት በብርድና በጭንቀት ጊዜ ነጥቶ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ መስሎ፣ በኋላም ቀልቶ የሚመለስበትን ሕመም ፈረንሳዊው ሞሪስ ሬይኖ በ1862 እ.ኤ.አ. ጽፎታል ይሉና፣ ለብዙው ሰው የሚያዙት ጓንት ማጥለቅና ትንባሆ መተው ነው። ይህን ያህል ዘመን ተምሮ ጓንት! የደም ቅዳው በስብ ደለል ጠቦበት ሲራመድ ባቱን የሚይዘውን፣ ሲቆም የሚለቀውን ሰው ደግሞ የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ከክንዱ ጋር ያመዛዝኑና፣ ውጤቱ ከ0.9 በታች ሲሆንባቸው መድኃኒት ጽፈው «እስኪያምህ ተራመድ፣ ዕረፍ፣ ደግሞ ተራመድ» ይሉታል። መንገድ ግን በካርቶን ታሽጎ አይሸጥም፤ አዲስ ተራማጅ ላመጣም ኮሚሽን አይከፈልበትም።

የሙያው ፍጹምነት የሚታየው የስኳር በሽታ የእግሩን ስሜት በወሰደበት ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሞቅ ባለው ውኃ ተዘፍዝፎ ቆዳው ሲላጥ አይሰማውም፤ «ያመመዎት ነገር አለ?» ቢባል «ኧረ ምንም» ይላል፤ ይህም በምስክርነት መዝገብ ይጻፍለታል። ቁስሉ አልድን ብሎ አውራ ጣቱ እስኪጠቁር ድረስ ያለውን ጊዜም ሻጩ «መርዙ እየወጣ ነው» በሚል ትምህርት ያጽናናዋል፤ ደም ወደ እግሩ እንዲደርስ ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ነገር የነበረው ግን በዚያው ጊዜ ነበር።

ገድል ያለ ዕረፍት ቀን አይፈጸምም። በ1799 እ.ኤ.አ. የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ኒው ዮርክን ሲያስጨንቃት፣ ፐርኪንስ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ ብሎ ከበሽተኞቹ መካከል ገባ፤ በዚያውም በሽታ ተይዞ ሞተ። ያመነበትን ነገር በራሱ ሥጋ የፈተነ ሰው ነበርና በዚህ ላይ ሽሙጥ የለኝም፤ ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ ይህን ምዕራፍ ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም። የገዛ ወላጆቻቸው እግር የጠቆረ ዕለት ከሐኪም ቤት አስቀርተው የትኛውን አምባር እንደሚያጠልቁላቸው ቢያሳዩን፣ ገድሉን በራሴ ወጪ አሳትሜ በየሱቃቸው በር ቆሜ አድላለሁ።