ይቅርታ፣ እንግዳው ሊተኛ ነው የመጣው

ለ፦ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የፔንሲዮንና የአልጋ ቤት ባለቤቶች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለመተኛት ብቻ የሚመጡ እንግዶች በሥራችሁ ላይ ስለሚያደርሱት መስተጓጎል ይቅርታ ስለመጠየቅ

ይህ ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም። አቤት የሚል ሰው መጀመሪያ መብት ሊኖረው ይገባል። በየክፍላችሁ በር ጀርባ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ጫት መቃም፣ ሺሻ ማጨስና ልብስ ማጠብ ክልክል መሆኑን፣ ላልተመዘገበ ንብረትም ድርጅቱ ኃላፊ አለመሆኑን ይናገራል እንጂ ስለ እንግዳ መብት ያነሣው ነገር የለም። የቀረው መንገድ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ይቅርታው የሚጠየቀውም ከየክፍለ ሀገሩ በሌሊት ተሳፍሮ፣ አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ተራ ወይም ላምበረት ወርዶ፣ «አልጋ አለ?» እያለ በራችሁን ስለሚያጨናንቀው መንገደኛ ነው። ሰውየው ሊተኛ ነው የመጣው። አላወቀም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ጥያቄውን በጥያቄ ትመልስለታለች፤ «ሾርት ነው አዳር?» መንገደኛው እግሩ ሥር ያለውን ሻንጣና በማዳበሪያ የተቋጠረውን ስንቅ ያያል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለአንድ ሰዓት የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ ለማሰብ ይሞክራል። «አዳር» ይላል። «አዳር ከአራት ሰዓት በኋላ ነው» ትለዋለች። ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ደግነታችሁ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱን ሰዓት የሚገፋበት ግሮሰሪ ምድር ቤት ከፍታችሁለታል። አንድ ቢራ ያዝዛል፣ ቢራው ብቻውን ሲያፍር ጥብስ ያስከትላል፣ በአንድ ዓይኑ ሻንጣውን ይጠብቃል። አልጋውን ሳያይ የአልጋውን ግማሽ ከፈለ ማለት ነው።

ሒሳቡ ለገባው ሰው በእናንተ ላይ መፍረድ ይከብዳል። እንበልና ሾርት 300፣ አዳር 800 ብር ቢሆን፣ አንድ ክፍል ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሦስት ጥንድ አስተናግዶ 900 ብር ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ለአዳር ሲከራይ 800 ይጨምራል። አመሻሽ ላይ ገብቶ የተጋደመ መንገደኛ ያንን 900 ብር ተንተርሶ ነው የሚያንኮራፋው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ሻንጣ የያዘን ሰው ገና ከበር በመለሰው ነበር። እናንተ ይህን የምታደርጉት አርብና ቅዳሜ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ማነው? አንዱ ከመርካቶ ሸቀጥ ሊጭን የመጣ የወረዳ ከተማ ባለ ሱቅ ነው። ሌላው ጉዳዩ ከክልል ፍርድ ቤት ተነሥቶ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የደረሰለት፣ ወይም የደረሰበት፣ ባለ ጉዳይ ነው። ለስብሰባ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛም አለ። እሱን እንኳ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ከውሎ አበሉ ቆጥቦ ለልጆቹ ጫማ ሊገዛ ርካሽ አልጋ የሚያስስ፣ ሲወጣም «ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍልዎት?» ተብሎ በአክብሮት የሚጠየቅ ነው። በእናንተ ቤት «እርስዎ» የሚባለው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ዓረብ ሀገር ልትሄድ የመጣችውን ልጅ መርሳት አይገባም። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ዕድሜዋ 18 የሞላ እንዲሆን፣ ሥልጠና ወስዳም የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ያዛል። ለፓስፖርትና ለጤና ምርመራ ደጅ ስትጠና የት እንደምታድር ግን አዋጁ አያነሣም፤ የአዋጅ ሥራም አይደለም። ይህች ልጅ ከወንድ ጋር ብትመጣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም ነበር። ብቻዋን ስትመጣ ነው ከየት መጣሽ፣ ማን ላከሽ፣ ማን ይመጣብሻል የሚባለው። ሴት ብቻዋን ልትተኛ መጣች ማለት ለእንግዳ መቀበያው የማይታመን ወሬ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በሽተኛው ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ከሞያሌም ይምጣ ከመተማ፣ ወደዚያ የተላከ ሰው ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ተራው ሲደርስም በአንድ ቀን አያልቅም፤ ጨረር ጥቂት በጥቂት እየተከፋፈለ ለሳምንታት የሚሰጥ ሕክምና ነው። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ይጠጋል፣ ዘመድ የሌለው እናንተ ዘንድ ይመጣል። አንድ ክፍል ለሳምንታት የሚይዝ፣ ቢራ የማይጠጣ፣ ሌሊት የሚያቃስት እንግዳ ምን ያህል እንደሚያከስር መገመት አያዳግትም። ስለ እሱ የሚጠየቀው ይቅርታ ልዩ ነው።

አራት ሰዓት ደርሶ መንገደኛው ወደ ላይ ይወጣል። ቁልፉ ከኪስ እንዳይገባ ታስቦ ግማሽ ጡብ ከሚያህል እንጨት ጋር ታስሯል። መዝገቡ ላይ ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የመጣበትን ከተማና የመጣበትን ምክንያት ጽፏል፤ ከእሱ በፊት የሠፈሩት ሰዎች በሙሉ፣ መዝገቡ እንደሚለው ከሆነ፣ የመጡት «ለሥራ» ነው። አልጋው ሥር ነጠላ ጫማ አለ፣ ሁለቱም የግራ። አንሶላው ታጥቧል። ብርድ ልብሱ የታጠበው በየትኛው መንግሥት እንደሆነ ግን የሚያስታውስ የለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናትና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ወደደም ጠላም ይለብሰዋል።

እዚያ ውስጥ ቀድሞት የገባ ነዋሪ አለ። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል። የሰው ሙቀትና ትንፋሽ ሲደርሰው ከፍራሹ ስፌትና ከአልጋው እንጨት ስንጥቅ ይወጣል። ለሾርት ከመጣ እንግዳ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ያ እንግዳ አይተኛም፣ ይቸኩላልም። በቤታችሁ ውስጥ የአዳር እንግዳን በጉጉት የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነው።

«ሙቅ ውሃ አለ» የሚለው ማስታወቂያችሁ ደግሞ ውሸት አይደለም። ሙቁ አለ፤ ውሃው ነው በፈረቃ የሚመጣው።

ኮመዲኖው ላይ ኮንዶም ተቀምጧል። በኤችአይቪ ዘመቻ ዘመን የተለመደ፣ ስንት ሰው ያዳነ ጥሩ ልማድ ነውና በዚህ ላይ ማንም ሊሾፍ አይገባም። ነገር ግን እናቱን ለሐኪም ቀጠሮ ይዞ የመጣ ጎልማሳ፣ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ «ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው አንሥተው ሲያሳዩት የሚገባበት ይጠፋዋል። «መድኃኒት ነው እማዬ፣ አስቀምጪው» ይላል። እናት መድኃኒት ያከብራሉ፤ ለነገው ሐኪም ሊያሳዩት በመቀነታቸው ይቋጥሩታል።

ከዚያ እንቅልፍ ይሞከራል። ክፍል ከክፍል የሚለየው ቺፕውድ ስለሆነ የጎረቤት ሳል እንደ ራስ ሳል ይሰማል፤ ሌላውም ይሰማል። እኩለ ሌሊት ላይ ግሮሰሪው ሲዘጋ ወንበር ይጎተታል። ወደ 10 ሰዓት ግድም ዘበኛው ሥራ ይጀምራል። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሚነሣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ተሳፋሪ ቀደም ብሎ መድረስ አለበት፣ ስለዚህም ማታ «በ10 ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብሎ አደራ ያለ ሰው አለ። ዘበኛው አደራ አይበላም፤ የሚረሳው የክፍሉን ቁጥር ነው። ካልጠፋ ዘዴ ከላይኛው ፎቅ ይጀምርና በየበሩ «የደሴ ሰው! ሰዓት ደርሷል!» እያለ ይደበድባል። የጅማው ይነሣል፣ የአሰላው ይነሣል፣ የትም የማይሄደው በሽተኛም ይነሣል። የደሴው ሰው ምድር ቤት ነው፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሲል ከመጀመሪያውም አልተኛም።

ታሪክ ማንሣት ነገር ማክረር ነው፤ ቢሆንም ይነሣ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ተብሎ የሚታወቀውን እቴጌ ጣይቱ ብጡል ፒያሳ ላይ ያቋቋሙት በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት፣ ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ ቤት አጥቶ እንኳ አልጠፋም። ያኔ የበሉበትንና ያደሩበትን መክፈል ለአገሬው እንግዳ ነገር ነበር፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ፣ በልተው እየከፈሉ አስለመዱት ተብሎ ይነገራል። የመሸበት ሰው ከደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ፣ ይግቡ» የሚባልበት አገር ነበርና ለአልጋ ዋጋ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። እቴጌይቱ ያን ድፍረት አገኙ። አልጋን በሰዓት መቸርቸር ግን አልታያቸውም፤ እሱን ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

ባሕር ማዶም ቢሆን የናንተን ያህል ያሰበ አልነበረም። ሪቻርድ ሺርማን የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1909 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ማዕበል ያዘውና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ጭድ ላይ አደሩ። ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን ከሚቆሙ ለምን መንገደኛ አይተኛባቸውም ብሎ ተነሣ፤ በ1912 አልቴና በሚገኘው ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ቋሚ ሆስቴል ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከተሞች ተማሪና ተጓዥ ተደራራቢ አልጋ ላይ በርካሽ የሚያድረው ከዚያ በተወረሰ ሐሳብ ነው። አልጋው ጠባብ ነው፣ ሻወሩ የጋራ ነው፣ የሚያንኮራፋ አይጠፋም። ሆኖም ሁሉም የመጣው ሊተኛ መሆኑን የቤቱ ባለቤት ያውቃል።

እውነቱ ይነገር ከተባለ የእናንተም ጫና ቀላል አይደለም። ውሃ በቦቴ ይገዛል፣ የቤት ኪራይና ግብር ይጨምራል፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አንሶላውም ሳሙናውም ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከተማዋም ብትሆን ርካሽ አልጋ የሚገኝባቸውን ሰፈሮች እያጣች ነው፤ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሷል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ድጋፍ ለሆቴሎች ኮከብ ሲያድል እናንተን ያሰበ አልነበረም። የኮንፈረንስ እንግዳ የት እንደሚያርፍ የሚጨነቅ ቢሮ ሞልቷል፤ በማዳበሪያ ስንቅ ቋጥሮ የመጣው ሰው ግን ለእናንተ ምሕረት የተተወ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ እንግዳ ማሳደሩን ያለ ትርፍ ይዘውታል። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል። ተስፋ አዲስም እንዲሁ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ከነወላጆቻቸው ያስጠጋል። እነሱ ግን ጥቂት አልጋ ነው ያላቸው። ብዙውን አልጋ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ይቅርታው እዚህ ላይ ያበቃና ልመናው ይጀምራል።

ከየፎቁ ሁለት ክፍል፣ አርብና ቅዳሜን ጨምሮ፣ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ለአዳር ብቻ ይከራይ። የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ለያዘ ሰው በሳምንት የሚታሰብ ዋጋ ይውጣለት። ብቻዋን የመጣች ሴት መታወቂያዋን ካሳየች ቁልፍ ይሰጣት፣ ሌላ አትጠየቅ። ፍራሹ ፀሐይ ይምታው፣ ብርድ ልብሱ በዚህ መንግሥት አንድ ጊዜ ይታጠብ፣ ለዘበኛውም የክፍል ቁጥር የሚጽፍበት ደብተር ይገዛለት። ይህን ለማድረግ የተስማማችሁ፣ የአዳር ዋጋችሁን ከነሰዓቱ በትልቁ ጽፋችሁ ውጭ በር ላይ ለጥፉት። አውቶቡስ ተራ የሚወርደው ሰው አንብቦ ይመጣል።