ቢጫው ይሻላል ወይስ ቀዩ?

ሩዋንዳ አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ በረንዳ ላይ አመሻሹን አረፍ ያለ ሰው፣ ሸገርን ምን እንዳስጨነቃት ለማወቅ አንድ ማኪያቶ ይበቃዋል። የኑሮ ውድነት እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራይም አይደለም። ጭንቀቱ «ለዲኤክስ የሚሻለው ቢጫ አሞርዛተር ነው ወይስ ቀይ?» የሚለው ነው። ክርክሩ የጦፈ ነው። የቢጫ ወገን አለ፤ የቀይ ወገን አለ፤ አረንጓዴ የሚያቀነቅን ሦስተኛ ወገንም ብቅ ብሏል። ሦስቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ቢገኝ ባንዲራ ይወጣቸው ነበር።

ቀለሞቹ እንዲያው የመጡ አይደሉም። ቢጫው የጀርመኑ ቢልስታይን መለያ ነው፤ ቀዩ የሆላንዱ ኮኒ፣ አረንጓዴው የጃፓኑ ቴይን። ችግሩ ኮኒ ራሱ «ስፖርት» ብሎ የሚሸጠውን አሞርዛተር ቢጫ ቀብቶ ማውጣቱ ነው፤ በዚህ የተነሳ ከቀይ ወገን አንዳንዶቹ ሳያውቁት ከባላንጣ ጋር ተደባልቀዋል። ደግነቱ ለእውነተኛ አማኝ ይህ ጭንቅ አይሆንበትም። የቢጫ ቀለም ቆርቆሮ ለመግዛት ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ስቲከሩም እዚሁ ይታተማል።

ክርክሩን የማይጠቅም አንድ ነገር ላንሳና ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለመሆኑ አሞርዛተር ምን ይሠራል? የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ ሞላውን ይገዛዋል። ጎማው ጉብታ ሲመታ ሞላው ይታመቃል፤ የታመቀ ሞላ ደግሞ መፈናጠር ያምረዋል። ያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጥና ዝላዩን ያበርደዋል። ሥራው በሙሉ የሚከናወነው በቱቦው ውስጥ ነው። ቀለሙ ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ነገር ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ «ዘይቱ ሲግል አረፋ እንዳይሠራ በጋዝ የታመቀ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ጨዋታ አበላሽ ተብሎ ሒሳቡን ብቻውን ከፍሎ ይሄዳል።

መቼም ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ፓራፋንጎ ሥር ተደብቆ ቢቀር ግፍ ነው። ስለዚህ መላ ተፈጥሮለታል። መኪናዋ ስትቆም መሪው እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል፤ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ሲዞር ቢጫው ቱቦ ብቅ ይላል፤ አላፊ አግዳሚው ያያል፤ ባለቤቱም ማኪያቶውን በሰላም ይጠጣል። ከመኪና ዕቃ ሁሉ ሥራውን በደንብ ሲሠራ መኖሩ የሚረሳው አሞርዛተር ነበር። እኛ አደባባይ አወጣነው።

ደግሞ ለማን እንደሆነ! ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው ትውልድ፣ ክብደቷ ወደ 900 ኪሎ ነው፤ ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤምኤክስ-5ን ሲያወጣ ዓለም «ቀላል፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ዋጋዋ የሚቀመስ» ብሎ ያጨበጨበለት ቅመም፣ እኛ ሰፈር እናቶች ከገበያ ሽንኩርት ሲጭኑበት ነበር። ስለዚህ ልጆቹ «ይህች የስፖርት መኪና ናት» ሲሉ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ቀላል መኪና ግን ስስ ናት። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ሲሳፈሩባት 350 ኪሎ ይጨመርባታል፤ ከራሷ ክብደት ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠራ አሞርዛተር የሚያውቀው አንድ ሹፌርና የለሰለሰ አስፋልት ነው። ቅዳሜ ማታ አምስት ሆኖ ከሩዋንዳ ወደ ገርጂ የሚጓዝ ጓደኝነት በመመሪያው ላይ አልተጻፈም።

«ለዚህ እኮ ነው ባለ 30 ደረጃ ማስተካከያ የገዛሁት» ይላል ባለቤቱ። እውነቱን ነው፣ 30 ደረጃ አለው። እሱ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን፣ ድንጋዩን። ሃያ ዘጠኙ ከፋብሪካ እንደወጡ ማንም ሳይነካቸው ያረጃሉ። ወገብ ካላሳመመ ምኑን ስፖርት ሆነ! ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ጎማው ድንጋዩን ከመከተል ይልቅ ከአንዱ አናት ወደ ሌላው አናት ይዘላል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢረግጡት አይዝም። ይህን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ግን በረንዳው ላይ አይነሳም። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ቀላል መኪና ለስላሳ ሞላና በልኩ የተቃኘ አሞርዛተር ይበቃታል ብሎ ሲያምን፣ በዚያው እምነቱ የዓለም ዋንጫ ሲሰበስብ የኖረ እንግሊዛዊ ነበር። ምስኪን፣ ሩዋንዳ ብቅ ብሎ ቢማር ኖሮ የት በደረሰ።

ከውጭ ለማስመጣት አቅም ያጠረው ወገናችን በበኩሉ ተስፋ አልቆረጠም፤ ሞላ ቆረጠ። ጋራዥ ይሄድና ከስምንት ዙር ሁለቱን በግራይንደር ያስጥላል። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ እልልታ ነው። ሞላ ግን ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከስምንት ዙር ስድስት ሲቀር ጥንካሬው በሲሶ ያድጋል። ለድሮው ሞላ የተሠራው አሮጌ አሞርዛተር አዲሱን ጉልበተኛ መግራት ያቅተዋል፤ መኪናዋ እንደ ፍየል ግልገል መፈንጨት ትጀምራለች። ዝቅ በማለቷ ደግሞ ሞላው የሚታመቅበት ቦታ አልቋል፤ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ብረት ከብረት ይላተማል። ባለቤቱ ድምፁን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «ሃርድ ሆናለች» ይላል። ሞላውን በእሳት አግሎ የሚያስጎብጥም አለ። እሳት የገባው ሞላ ብረቱ ሙትት ይላል፤ የት ቦታ እጅ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የፍጥነት ዝግጅት ፍሬ የሚያፈራው ግን የፍጥነት መቀነሻው ላይ ነው። መኪናዋ ከመድረሷ በፊት ማርሚታዋ ከወሎ ሰፈር ይሰማል። ሰው መንገድ ይለቃል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። እብጠቱ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። የኋላ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፤ ክብደት መቀነስ ያስፈልጋላ! ከመካከላቸው አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ እያየ ይመራል፦ «ና... ና... ትንሽ ግራ... ቁም! ነካች!» ሹፌሩ መሪውን ይሰብርና እብጠቱን በሰያፍ ይጀምረዋል፤ መጀመሪያ የቀኝ ፊት፣ ቀጥሎ የግራ ፊት፣ ከዚያ ረጅም ጸጥታ፣ ከዚያ የሆድ ዕቃዋ ሲፋቅ የሚሰማ ሲቃ። ከኋላ ሚኒባስ ታክሲ ቆሟል፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እዚህ የማይጻፍ ቃል ይናገራል። አይሱዙው ጡሩንባውን ይለቀዋል። ሲሚንቶ የጫነ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ወጣት በእግረኛ መንገዱ በኩል ያልፋል፤ የእሽቅድምድም መኪናዋን ቀድሞ ወደ ቦሌ ሚካኤል ይወርዳል። ሊያጌጡ ይመላለጡ ያለው ሰው ይህችን ዲኤክስ ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል።

ጎረቤታችን ኬንያ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳፋሪ ራሊ የሚባል ውድድር አላት። ቶዮታ እዚያ በተደጋጋሚ አሸንፏል፤ በ2022 ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ደረጃ ጠራርጎ ወስዷል። ታዲያ ለዚያ መንገድ የተሰናዱት መኪናዎች ከሌላው ጊዜ ከፍ ተደርገው ነው የሚቀርቡት፤ አሞርዛተራቸውም ጉድጓድና ድንጋይ እየዋጠ እንዲያልፍ ተደርጎ ይቃኛል። ሠሪው ራሱ እኛን በመሰለ መንገድ ላይ መኪናውን ከፍ ሲያደርግ እኛ ዝቅ እናደርጋለን። ከእኛና ከቶዮታ አንዳችን ስለ ቶዮታ አናውቅም ማለት ነው፤ በረንዳው ላይ ያለው ድምፅ ብልጫ ግን ለቶዮታ አያደላም።

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ሲያሳውቅ፣ ይህ ነገር ከእንግዲህ አበቃለት ብዬ ነበር። ምን ሲደረግ! አዲስ ካልገባ አሮጌዋ ትከብራለች፤ የከበረች ደግሞ ትሸለማለች። የኤሌክትሪኳንም ዝቅ የማድረግ ወሬ ተጀምሯል አሉ። የእሷ ባትሪ የተነጠፈው ከወለሏ ሥር ነው፤ ከዕቃዋ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። እሱን ወደ እብጠቱ ማስጠጋት ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቢሆንም በሰያፍ የመሻገር ልምዱ ስላለን ብዙም አልሰጋም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ አሞርዛተር የምትገዙ ወንድሞቼ፣ ሻጩን ስለ ቀለሙ ሳይሆን ለየትኛው ሞላ፣ ለስንት ኪሎ መኪና እንደተሠራ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ብሩን ኪሳችሁ መልሱት። ጎማው ከላጨና ጎሚኒው ከተበላ አስቀድማችሁ እነሱን ቀይሩ፤ የትኛውም አሞርዛተር በእነዚህ ላይ ተአምር አይሠራም። ስትቀይሩም ግራና ቀኙን በአንድ ላይ ቀይሩ። ይህም ሁሉ ከከበዳችሁና ቢጫው ግድ ከሆነ፣ እሺ፣ ቢጫው ይሁን። እብጠቱን በሰያፍ ስትሻገሩ ግን አንድ ጊዜ በመስታወት ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ አምቡላንስ ቆሞ ከሆነ እባካችሁ እሱ ቀድሞ ይለፍ።