አበል አይደለም፣ አባል!

«መምህሩ ሁሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ እዚያ ምን ሊማር ነው?» አልክ? በል ጠጋ በል፣ ስልጠና አዘጋጁ ወንድሜ። እናንተም የቆማችሁ ቦታ ያዙ፤ ዛሬ ማን እንደሚንተከተክ እናያለን።

ተጥዷል፣ አዎ። አንተም ተጥደሃል። ልዩነቱ እሱ ሲወርድ በስሏል፤ አንተ ሲያወርዱህ ያው ጥሬ ነህ።

«ኔትወርክ ኔትወርክ ይላሉ» ደግሞ ትላለህ። አንተ የምታውቀው ኔትወርክ ያጎትህን ልጅ ቢሮ የሚያስገባውን ነው። የመምህሩ ኔትወርክ ክፍል ነው የሚያስገባው። ያውም አዘጋጅቶ።

እስቲ ስማ። ማታ ሦስት ሰዓት ነው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ልጆቿን አስተኝታ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትጽፋለች፦ «ተማሪዎቼ 1/2 + 1/3 ስላቸው 2/5 ይሉኛል። ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ይደምራሉ። ብላቸው ብላቸው እምቢ አሉ።» አንዱ ቶሎ ብሎ «የጋራ ታህት አስተምሪያቸው» ይላል። «አስተምሬያለሁ፤ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ በሳምንቱ የለም» ትላለች። ከሌላ ክልል ሌላው ይገባል፦ «ደንባቸውን አትንኪባቸው። በዚያው በራሳቸው ደንብ 1/2 + 1/2 አስደምሪያቸው።» 2/4 ይመጣል። 2/4 ደግሞ ግማሽ ነው። «ግማሽ ዳቦ ነበራችሁ፣ ግማሽ ጨመርኩላችሁ፣ አሁንም ያላችሁ ግማሽ ነው። ሌላውን ማን በላው? በያቸው።» በማግስቱ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ልጆቹ ያንን ደንብ በገዛ እጃቸው ይጥሉታል።

ማታ ጠየቀች፣ ጠዋት አስተማረች። ያንተ ስልጠና ክረምት ላይ ነው፤ የልጆቹ ችግር ጥቅምት ላይ ነው። ልጁ እስከ ሐምሌ ተሳስቶ ይጠብቅህ?

«መማር ከፈለገ ስልጠና ይጠራ!» አልክ። ስልጠናህንማ እናውቀዋለን። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ፓወርፖይንት። ፓወሩ ሲጠፋ ፖይንቱም ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ አሠልጣኙ ስላይዱን ቃል በቃል ያነባል፤ ያውም ማንበብ ለሚያስተምሩ ሰዎች! «ጥያቄ ካላችሁ በሻይ ዕረፍት» ይላል። ሻይ ሲመጣ እሱ የለም። እውነቱን ልንገርህ? በዚያ አዳራሽ ትምህርት የሚገኘው ሻዩ ጋ ብቻ ነው። ሁለት መምህራን ብርጭቆ ይዘው «እናንተስ ጋ እንዴት ነው?» ሲባባሉ ነው ነገር የሚበራው። ግሩፑ ያንን የሻይ ዕረፍት ዓመቱን ሙሉ አስረዘመው። ያለ ሻይህ። ያለ አበልህም! አንተ የምታውቀው አበል ነው፤ እነሱ አባል ናቸው። ልዩነቱ የ«በ» አንዲት እግር ናት። አንተ ግን በዚያች እግር አበል ፍለጋ ስንት ከተማ ዞርክባት!

«እኔ ቴክኖሎጂ አልጠላም፤ እንዲያውም አምጥቻለሁ» ትላለህ። አዎ፣ አምጥተሃል። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሰቀልክ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይወርድ ነበር። ተማሪ እጁን ሲያወጣ ፕላዝማው አይቆምም። ልጁ አንደኛውን መስመር ሳይጨርስ ስክሪኑ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። የመምህሩ ሥራ ማብራራት መሆኑ ቀርቶ ማብራት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ቀረ። ስክሪንስ ሁለቱም ስክሪን ነው። ፕላዝማው ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ግሩፑ ይሰማል። አንተ ያኛውን የወደድከው ባሕርያችሁ ስለገጠመ ነው።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋስ? «ኖቱን በቴሌግራም ላኩላቸው!» ያልከው ራስህ ነህ። ያን ጊዜ ስልኩ ትምህርት ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት ስልኩ ቡና ቤት ሆነ? አቋምህ ራሱ ኔትወርክ የለውም እኮ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«መምህር ለመምህር ምን ያስተምራል? ዕውር ዕውርን ሲመራ!» ይህችን ስትል ደረትህን ነፋህ፤ አየሁህ። እንግዲያው ዓይንህን ክፈት። ጁሊያን ኦር የሚባል አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዜሮክስ ኩባንያን የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞች እግር በእግር እየተከተለ አጠና። ኩባንያው «ይህ ምልክት ሲመጣ ይህን አድርጉ» የሚል ማኑዋል አስታቅፏቸዋል። ማሽኑ ግን ማኑዋሉን አላነበበውም። ሰዎቹ ሥራውን ይማሩ የነበረው ቁርስ ላይ ከበው «የኔዋ ትናንት ምን ብትሠራኝ ጥሩ ነው!» እየተባባሉ ነው። ወሬ የሚመስለው ነገር ሥራው ራሱ ነበር። ኦር ይህን እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ አወጣው። ኩባንያውም በኋላ «ዩሬካ» የሚባል ሥርዓት ዘረጋ፤ አንዱ ጠጋኝ ያገኘውን ዘዴ ያስገባል፣ ሌሎች ጠጋኞች ፈትሸው ያጸድቁታል። እንግዲህ ፍረዱ! ፎቶ ኮፒ ማሽን እንኳ በማኑዋል ብቻ አልተጠገነም፤ ስድሳ ልጅ በማኑዋል ይማራል? አንተማ ከፎቶ ኮፒ የወሰድከው ኮፒውን ብቻ ነው። የአምና ስላይድህ ላይ ቀኑን እንኳ አልቀየርክም።

«ባሕር ማዶ ሄድክብኝ» አልክ? እሺ፣ ቅኔ ቤት እንግባ። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ጀማሪው የቆጠራትን ቅኔ ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አስነጋሪው ነው፤ ማለትም ከሱ ቀድሞ ወደገባ ተማሪ። ተማሪ ተማሪን ሲያርም፣ ሲያቃና፣ «ይቺ ቤት አልመታችም» ሲለው ስንት ዘመን ሆነው! በዚህ መንገድ ሊቅ ወጣ እንጂ ገደል የገባ አልሰማንም። ሰሙ ኔትወርክ ነው፤ ወርቁ ኔት-ወርቅ። አንተ ሰሙ ላይ ተጣብቀህ ቀረህ።

ቆይ፣ ገና ነው። «ከሺው አባል የሚጽፈው ጥቂት ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ያያል» አልክ። ማየት መማር እንዳልሆነ ማን ነገረህ? ጂን ሌቭ የምትባል ተመራማሪ ላይቤሪያ ውስጥ፣ ሞንሮቪያ ላይ ልብስ ሰፊዎች ጋ ተቀምጣ አጠናች። አዲስ ገቢው መቀስ አይሰጠውም። መጀመሪያ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይዘመዝማል። ቀጥሎ መስፋት ይማራል። ጨርቅ መቁረጥ መጨረሻ ላይ ነው፤ የተበላሸ ስፌት ይተረተራል፣ የተበላሸ ጨርቅ ግን ገንዘብ ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል። ከኤቲየን ዌንገር ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው መጽሐፍ ዳር ቆሞ መጀመር ራሱ የታወቀና የተፈቀደ የመማሪያ መንገድ ነው አሉ። እና ያ ዝም ያለው አባል ቁልፍ እየተከለ ነው። አንተ ግን ቁልፉን ሳታይ መቀስ ይዘህ ገባህ። ሳታነብ ትቆርጣለህ!

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላብርደው፣ የሚያንገበግበኝ ነገር ስላለ። የፊዚክስ መምህር አንድ ብቻ የሆነበት ትምህርት ቤት አለ። ስታፍ ሩም ቢገባ የታሪክ መምህር አለ፣ የስፖርት መምህር አለ፤ ስለ ብርሃን ስብረት የሚያወራው ሰው የለም። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ተቆልፎ ወንበር ይከመርበታል። ይህ ሰው ማንን ይጠይቅ? ጥያቄውን ግሩፕ ላይ ሲጥል ከሌላ ወረዳ አንዱ ቪዲዮ ይልክለታል፤ ወረቀት ላይ የተሳለች ቀስት፣ ከፊቷ ውሃ የሞላበት ክብ ብርጭቆ። ወረቀቱን ከብርጭቆው ራቅ ሲያደርጉት ቀስቷ ዞራ በተቃራኒ ትታያለች። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም፣ ያንተን ፊርማ አይጠይቅም። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስት ተገለበጠ! አንተ አዳራሽ ውስጥ ስንት ጠርሙስ ውሃ ገለበጥክ? አንድም ቀስት አላሳየኸንም።

«ፈተና የተሠረቀው በዚሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አይደለም?» ይኸው፣ መጨረሻ የያዝካት ካርድ። አዎ፣ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ ተሠርዟል። ፈተናውን ከካዝና ያወጣው ግን እጅ እንጂ ቴሌግራም አይደለም። ስልክ እግር የለውም። ሌባ በመንገድ ሄደ ተብሎ መንገድ አይታሰርም።

ግሩፕ ሁሉ ግሩፕ ነው አላልኩህም፣ ስማኝ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል የሚርከፈከፍበት፣ ከሰዓት ፖለቲካ የሚፈላበት፣ ማታ «የፈተና መልስ አለኝ፣ ኢንቦክስ» የሚል ቀጣፊ የሚገባበት ሞልቷል። ያ ግሩፕ ሳይሆን ግርግር ነው። ደህናው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ ወሰን አለው፤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ከሆነ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሁለተኛ ጨዋታው የሚጀምረው ከክፍል ነው፦ «እንዲህ ሞከርኩ፣ እዚህ ጋ ከሸፈብኝ።» ስህተት ሲጣል በሰው ፊት ይታረማል፣ ያረመውም ይታረማል። እዚያ የሚፈለገው ላይክ ሳይሆን ልክ ነው። አንተ ሽርሽር ያልከው እነሱ ሼር የሚሉት ነው። ባንተ ሞጁል ውስጥ የገባ ስህተት ግን ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ማኅተም አርፎበት ይኖራል።

ደግሞ የሙያ ማሻሻያውን መመሪያ ያነበብክ መስሎኝ ነበር። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን ያሻሽል ይላል። ተመካከሩ፣ አብራችሁ አቅዱ፣ አንዳችሁ የሌላችሁን ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ ይላል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት የተሳሰሩት ለዚሁ ነው። አንተ ከጉድኝት የያዝከው ጉዱን ብቻ ሆነና 60ው ሰዓት ፖርትፎሊዮ ውስጥ ተቀበረ። ፖርትፎሊዮው ይወፍራል፣ ትምህርቱ ይከሳል። መምህርቷ ማታ ማታ በግሩፑ የሠራችውን ስትነግርህ «ሰርተፊኬት አለሽ?» አልካት። ሰርታ እያሳየችህ ሰርተፊኬት ትጠይቃታለህ!

ያንን ማታ ማታ የሚያነድደውን ዳታ የሚከፍለውስ ማን ነው? ከዚያችው ከደመወዙ ላይ፣ መምህሩ ራሱ። ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ኮረብታ የሚወጣም አለ። ዳታ ሲያልቅ ካርድ ይሞላል፤ ለዳተኝነት ግን ካርድም አይሸጥም።

ስለዚህ አፍህን ከምታሰለጥን እጅህን አሠራው። ማታ የተመካከሩበትን ከ60ው ሰዓት ቁጠርላቸው። ለትምህርት ቤቱ ዋይፋይ አስገባ፤ ፓስወርዱንም ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ አትቆልፈው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከፕሮግራሙ አውጣላቸው፤ በግሩፕ ያገኙትን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተቻቹበት። የገጠሩንም አትርሳው፤ ቪዲዮው በፍላሽ ተጭኖ በጉድኝት ማዕከሉ በኩል ይድረሰው።

ግሩፑ ውስጥ መግባት አማረህ? ሊንኩን እልክልሃለሁ፣ ቅር አይበልህ። አንድ ክፍል ገብተህ፣ አንድ ነገር ሞክረህ፣ የከሸፈብህን ይዘህ ና። መጀመሪያ ዳር ቆመህ ቁልፍ ትተክላለህ። ስቲከር አይፈቀድም።