በሞቴ የማይል ቀጂ

ኮሎኝ የሄደ ሰው ካቴድራሉን አየሁ ብሎ ባይመጻደቅ ጥሩ ነው። ከባቡር ጣቢያው ስትወጣ ፊትህ ላይ ስለሚገተር አለማየት አይቻልም። ቁመቱ 157 ሜትር ነው። በፈረንጆቹ 1248 ተጀምሮ በ1880 አለቀ። ፍራንክፈርት የሚኖረው ጓደኛችን ይህን ሲያስረዳን፣ ከአዲስ አበባ አብራኝ የመጣችው መሐንዲስ ቀና ብላ አየችና "ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት? ኮንትራክተሩ የኛ ሰፈር ልጅ ነው በለኛ!" አለች። ውስጥ የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው የሚባል በወርቅ የተለበጠ ሣጥን አለ፤ አፅሙ በ1164 ከሚላን እንደመጣ ይነገራል። እሷ ለዚህም መልስ አላጣችም። "ስጦታውን ካደረሱ በኋላ በሌላ መንገድ ሄዱ ሲባል የት እንደሄዱ አሁን ገባኝ" አለችና ወደ ቢራ ቤቱ መራችን።

መንገድ ላይ ፍራንክፈርቴው ቀይ መብራት አስቆመን። መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። እሱ ግን ቆሟል።

"አንተ እኮ ቦሌ መንገድ ላይ መኪና ደርሶብህ 'ቆይ ልለፍ' የምትል ሰው ነበርክ" አልኩት።

"እዚያማ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማንን ልጠብቅ?"

የከተማዋ ቢራ ኮልሽ ይባላል። እዚያው ኮሎኝና አካባቢዋ ካልተጠመቀ በዚህ ስም መሸጥ አይቻልም፤ ጠማቂዎቹ በ1986 ተፈራርመውበታል፣ በ1997 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን አስከብሮላቸዋል። እስቲ አንዱ ተነስቶ ከሸዋ ውጭ የተጠመቀ ጠላ ጠላ አይባልም ብሎ ይፈርም፤ ጎጃም ዝም የሚል ይመስላችኋል?

የሚቀዳው ሰውዬ ኮቤስ ይባላል። ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቋል፤ መሃሉ ላይ መያዣ ያለው፣ ብርጭቆዎቹ በየቀዳዳቸው የተተከሉበት ክብ ትሪ አንጠልጥሏል። ትእዛዝ አልጠየቀንም። ሦስት ቀጫጭን ብርጭቆ አስቀመጠና ሄደ። ብርጭቋ የምትይዘው 0.2 ሊትር ነው። ጃምቦ ለለመደ ሰው ይህ ስድብ ነው። ሲመለስ ጠብቄ "ይሄ ለመጠጥ ነው ለሽንት ምርመራ?" አልኩት። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል።

"ትልቅ የሚፈልግ ሙኒክ ይሂድ። እዚያ ቢራው እስኪሞት ቁጭ ብለው ያስታምሙታል።"

እውነት አለው። ኮልሽ ቶሎ ነው የሚሞተው፤ አረፋው ሲጠፋ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል። ብርጭቆውን ያሳነሱት በስስት ሳይሆን ሳይሞት እንዲያልቅ ነው። የጃምቦ ግርጌ ላይ የሚቀረውን ለብ ያለ ነገር ቀምሶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ባይከራከር ይሻለዋል።

ደግሞ ኮቤስ መተረብ ሥራው ነው። ሌላ አገር አስተናጋጅ ሲሳደብ ሥራ አስኪያጅ ይጠራል፤ እዚህ ሳይነካኩት የወጣ እንግዳ በደንብ የተስተናገደ አይመስለውም። መሐንዲሷ ውኃ አዘዘች። ሰውዬው ዓይኑን ሳያርገበግብ "ሳሙናና ፎጣም ላምጣልሽ?" አላት። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የቆየ ቀልድ ነው አሉ፤ ማን ውኃ ቢያዝ ያችኑ ይመዛል። እሷ የመጀመሪያዋ ቢሆንም አልተደናገረችም። "አምጣ፣ ከሽርጥህ እንጀምራለን!" ሳቀ። ሳቀና ኮልሽ አስቀመጠላት። ውኃው እስካሁን አልመጣም።

እንግዲህ ማስጠጣት ላይ እኛን የሚያክል የለም ብለን ነው የሄድነው። "በሞቴ!" "አፈር ስሆን!" "ይቺን ብቻ!" እንላለን። እንግዳው ብርጭቆውን በእጁ ቢከድን በጣቶቹ መሃል ይቀዳለታል። ሆዱን ቢያሳይ "ቦታ አለው" ይባላል። ሐኪም ከልክሎኛል ቢል የሐኪሙ ዕውቀት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ግን ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ጋባዡ ራሱ ላቡ ጠብ ይላል። ኮቤስ ለልመና አንድ ቃል አያወጣም። ብርጭቆህ ሲያልቅ ሌላ ያስቀምጣል፣ ከሥሩ ባለችው ክብ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ያደርጋል፣ ይሄዳል። በቃኝ ማለት ከፈለግህ ካርቶኗን ብርጭቆው አፍ ላይ ትከድናለህ። ያኔ ብቻ ያልፍሃል። ምሎ ያልለመነ ሰው፣ ሳትከድን በመቅረትህ ብቻ አጠጥቶህ ይሄዳል!

እኛ አፍረን አልከደንንም። የቀረበ መጠጥ ፊት መክደኛ ማንሳት እንዴት ይቻላል? ፍራንክፈርቴው አሁን አሁን ጭረቶቹን እየቆጠረ "ባቡር አለብን" ይላል።

"ጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይመጣል ያለህ ማነው?" አለችው።

"ማንም። ግን ስትዘገዪ ነው በሰዓቱ የሚመጣው።"

ኮቤስን ለመፈተን ያህል የዱሰልዶርፉን ጠቆር ያለ ቢራ አልት አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ፉክክራቸው ግን ድንበር ያስጠብቃል። "አለ" አለኝ ኮቤስ፣ "የጠጣነውን ወደዚያ ነው የምንልከው።"

በመጨረሻ ሦስታችንም ከደንን። ሒሳብ ተጠየቀ። ኮቤስ "ለየብቻ ነው ባንድ ላይ?" አለ፤ ይህ ጀርመን ሁሉ የሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ግን የጦርነት አዋጅ ነው። መሐንዲሷ ካርቶኗን ከብርጭቆው አፍ ላይ ነጥቃ "እኔ ነኝ!" አለች። እኔ የራሴን አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ፍራንክፈርቴው ሃያ ዓመት የኖረበትን ሥርዓት ረስቶ የሁለታችንንም ሊቀማ ተነሳ፤ የእሱማ ቀድሞ ወለሉ ላይ ወድቋል።

"ምን ሲደረግ! እንግዶቼ ናችሁ!"

"አንተ ቀይ መብራትህን ጠብቅ!"

ኮቤስ ጠረጴዛውን አየ። ሦስት ብርጭቆ፣ ሦስቱም ክዳን የላቸውም። ሦስት ኮልሽ አስቀመጠ፣ ከእጄ ካርቶኗን ተቀብሎ ጭረቱን አደረገና መለሰልኝ።

"እናንተ ቀጥሉ" አለ።