29 ኪሎ ድምፅ

ወገኖቼ፣ ድምፅ ድሮ ቀረ! ዛሬ ጂንካ ላይ ሰርግ ብትጠሩ ድንኳኑ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ጎማ የተገጠመለት፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግ፣ ቻርጅ የሚደረግ ሞንታርቦ ነው። አንድ ጎረምሳ ብቻውን እየጎተተ ያመጣዋል። በአንዲት ፍላሽ አርባ ዘፋኝ ይዞ ይመጣል፤ ከአርባው አንዱም ምሳ አይበላም። ደጋሹ ተደሰተ፣ ወጡ ተረፈ፣ ሰርግ ሞተ። እኛ ስድስት ሆነን ሄደን ስድስታችንም እንበላ ነበር፤ ጊታር አቀባይ ነኝ ያለ ሁሉ ተከትሎን ይበላ ነበር። ክብር ማለት እሱ ነበር።

እኔ ጊታር የጨበጥኩት ይህ አገር ገና ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ሲባል፣ ከበላዩ ገሙ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሳለ፣ በኪነት ቡድኑ ዘመን ነው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው መሃል ከተማ፣ ሣር ላይ ነበር። ሊያርፍ ሲያንዣብብ ከብቱ ይባረራል፣ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል፤ ዕቃህን ተቀብለህ በእግርህ ቡና ቤት ትገባለህ። ዛሬ ማረፊያውን አስፋልት አልብሰው ከመሃል ከተማ አወጡት፤ ይኸው እኔ ለባጃጅ እከፍላለሁ፣ ላሞቹም የሚያባርራቸው አጡ።

አምፓችን፣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ማለቴ ነው፣ ባለ ቫልቭ ነበር። ቫልቭ፣ ለማታውቁት ልጆች፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል ከጊታሩ የመጣውን ቀጭን ድምፅ ያፋፋዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ይህንኑ ሥራ የምትሠራ ትንሽዬ ትራንዚስተር ፈለሰፉና ሬዲዮው ከዳ፣ ቴሌቪዥኑ ከዳ፣ ጊታረኛ ብቻ «አሻፈረኝ» ብሎ ከብልቃጡ ጋር ቀረ። ልክ ነበራ! ስታበራው ወዲያው አይጮህም። ይግላል፣ አቧራው ይሸታል፣ ከኋላው ብርቱካንማ ፍም ይታያል፤ እስኪሞቅ ሽማግሌ ሰላም ትላለህ፣ አንድ መለኪያ ትቀምሳለህ። የዛሬ ዕቃ ገና ሳትነካው ይጮሃል፤ ሰላምታም የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ደግሞ ጥንካሬው! ያ አምፕ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ፊውዙ ሲቃጠል፣ ቫልቩ ሲያረጅ፣ በረሮ ገብቶ ሲሞትበት አርባ ምንጭ እንልከዋለን፣ ተጠግኖ ይመጣል፣ አለቀ። ክረምት ሆኖ ወንዝ ከሞላ ሁለት ወርም ይቆይ ነበር፤ ያ ደግሞ ለልምምድ ጊዜ ይሰጠናል። የመሬት ሽቦ የሚባል ቅንጦት አልነበረውም፤ ጊታር ይዘህ ወደ ማይክ ጠጋ ስትል ከንፈርህን ይነዝርሃል። ድምፃዊያችን ዓይኑን አፍጥጦ፣ ነቅቶ የሚዘፍነው ለዚህ ነበር። የዛሬዎቹ መድረክ ላይ የሚያንቀላፉት የሚነዝራቸው ስለጠፋ ነው።

አድማጩስ ቢሆን? በሰዓት እላፊው ዘመን አዲስ አበባ አንድ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። አስቡት እስቲ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይነሳ አድማጭ! ዛሬ አንድ ዘፈን ሳይጨርሱ ስልካቸውን ይነካካሉ። ስልክ ስል ትዝ አለኝ፤ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ስሙት፣ በኋላ ሮሃ የተባሉትን ማለቴ ነው። የሰላም ሥዩም ጊታር እንዴት አድርጎ እየተሽከረከረ እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ! እኔ ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬ ላይ እሰማዋለሁ፤ ከሸክላው ይልቅ ጥርት ይላል።

ወደ ጣጣዬ ልግባ። ያ አሮጌ አምፕ ዘንድሮ ጨርሶ ተኛ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አምፕ መራጭ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ድሮ ምርጫ የሚባል መከራ አልነበረም፤ አንድ ነበረ፣ እሱን ትወዳለህ። አሁን ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም በየቀኑ ስዕል ይልክልኛል፣ «ጋሼ፣ ይኼኛውስ?» ይላል፣ እኔም «ልክ የለህም!» ብዬ በድምፅ እመልስለታለሁ።

የልቤ የነበረው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። 85 ዋት፣ ባለ ሁለት ስፒከር፣ 29 ኪሎ። ኪሎው ለእኔ ምኔም አይደለ፤ የተበላሸው የልጆቹ ጉልበት ነው። ድሮ በከረሜላ የሚሸከምልኝ ልጅ እንደ ጉድ ይሰለፍ ነበር፤ ዛሬ ዋጋ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ «ጋሼ፣ አንድ ጫፍ ይያዙልኝ» ይለኛል። እንዴት አንድ ጫፍ እይዛለሁ? ጊታረኛ ነኝ፣ እጄ ያስፈልገኛል።

የእህቴ ልጅ ግን ተማርኩ ብሎ ያስተምረኛል። «ጋሼ፣ ዋት እንደሚመስልዎ አይደለም፤ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ እንዲሆን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። 85 ዋቱ ትዊን ከታናሹ ከ22 ዋቱ ዴሉክስ አራት እጥፍ አይጮህም፣ ግፋ ቢል አንድ ተኩል ነው።» ደግሞ ቫልቭ የሚጣፍጠው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ነው፤ የትዊኑን የድምፅ ቁልፍ ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ላይ ካቆምከው ድምፁ ገና አልነቃም፣ ስድስት ላይ ካደረስከው ደንበኛው ሂሳብ ሳይከፍል ይሮጣል። ይህን እኔ አባቱ ሳይወለድ በፊት አውቀው ነበር፤ ሳልናገረው ቀረሁ እንጂ።

የእንግሊዞቹ ቮክስ ኤሲ 30ስ? 30 ዋት ብቻ ሆኖ ክብደቱ ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ ዋት አንድ ኪሎ መሆኑ ነው፣ ይህስ ሐቀኝነት ነው። ከዚያ ልጁ የመጨረሻውን ስድብ አመጣልኝ፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌንደር ራሱ የሚሠራው ቶን ማስተር የሚባል አለ። መልኩ ያው አሮጌው ነው፣ ጨርቁ ያው፣ ቁልፉ ያው፤ ከኋላ ስታየው ግን አንድም ቫልቭ የለውም፣ የቫልቭን ጠባይ የሚያስመስል ኮምፒውተር ነው። ክብደቱ የባለ ቫልቩ ግማሽ ግድም! የሁለቱን ድምፅ ቀርጾ ልኮልኝ «የቱ ነው ባለ ቫልቩ?» ብሎ ፈተነኝ። የመጀመሪያው ነው አልኩት፣ ሞቅ ያለው። ተሳስተዋል አለኝ። እንግዲህ ቀረጻው ላይ አደባልቆት ይሆናል፤ የዛሬ ልጅ ጥንቃቄ የለውም።

መብራቱን ደግሞ እዩልኝ። እዚሁ ኦሞ ላይ፣ ከእኛ ሽቅብ፣ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተገንብቷል፤ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ይላሉ። እኔ የምለምነው 22 ዋት ነው! መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስጫወት ኮረንቲው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቫልቭም ከፍ ዝቅ አይወድም፣ ስለዚህ ስታብላይዘር ግዛ ይሉኛል፤ እሱም ራሱን የቻለ ሸክም። የአሜሪካኑ አምፕ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። አንድ የማውቀው ኪቦርድ ተጫዋች ከአሜሪካ የመጣለትን በደስታ እንደሰካው ድንኳኑ በጭስ ተሞላ። ለውጭ አገር የተሠራውን የ230 ቮልቱን ላክ ብዬ ልጁን አስምዬዋለሁ።

መለዋወጫውም ሌላ ጉድ ነው። ቫልቭ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ብቻ ነው። መርካቶ ዘመድ ልኬ «የአምፕ ቫልቭ» ብሎ ቢጠይቅ የቧንቧ መዝጊያ አሳዩት፤ «የመስታወቱን» ሲል የኤሌክትሪክ አምፖል ጠቅልለው ሰጡት። የትኛው ቫልቭ እንደታመመ የሚያውቅስ ማን ቀረ? እኔ በእርሳስ ነው የምመረምረው። አምፑ በርቶ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ተንበርክኬ በእርሳሱ መቀመጫ አንድ በአንድ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርጋቸዋለሁ። ጤነኛው ጠብ ብሎ ዝም ይላል፤ የታመመው በስፒከሩ «ቅልልል» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ውስጡን በእጃችሁ እንዳትነኩ ብቻ፤ ተነቅሎም ቢሆን ከ400 ቮልት ያላነሰ አምቆ ሊቆይ ይችላል። ስፒከሩን ሳትሰኩም አታብሩት፣ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ያ የማይበላሸው አምፓችን ሁለት ጊዜ የተቃጠለው በዚህ ነው።

አንዳንዴ ግን ለማን ብዬ እላለሁ። ቱርሚ ለቱሪስት እንድጫወት ተጠርቼ ገመዱን ዘርግቼ፣ ቫልቩን አሙቄ፣ ትዝታን በሚገባ ቃኝቼ ስጀምር ከወዲያ በኩል የሐመር ወጣቶች ጭፈራቸውን፣ ኢቫንጋዲን፣ ጀመሩ። መዝለልና ማጨብጨብ፣ የሴቶቹ እግር ላይ የታሰረው ብረት ቅጭል ቅጭል። ዋቱ ዜሮ፣ ገመድ የለ፣ ጄኔሬተር የለ። ፈረንጁ በሙሉ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደዚያ ፈለሰ፤ እኔ ጋ የቀረው አስተናጋጁ ብቻ ነበር፣ እሱም ጠርሙስ ሊሰበስብ።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠልኝ ጆሮዬ ሳይሆን የሻንጣ ሚዛን ሆነ። ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፤ ትዊኑ በ29 ኪሎው ውጭ ቀረ። ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ 22 ዋት፣ ዘጠኝ ቫልቭ፣ አንድ ስፒከር፣ 19 ኪሎ ግድም፤ ካርቶኑን ጥለው በብርድ ልብስ ቢጠቀልሉት ያልፋል። እኔም ድሮም የምፈልገው እሱን እንደነበር ለልጁ ነገርኩት። አሁን የተጣላነው በቀረችው 4 ኪሎ ነው። እኔ መለዋወጫ ቫልቭ ይምጣ እላለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ የወገብ ቀበቶ ካልመጣ አምፑም ይቅር ብላ ለልጁ ደውላለች። ለማን ወገብ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ዝቅ ብዬ መነሳት ነው እንጂ የሚቸግረኝ ወገቤ ደህና ነው።