ወፏ የት ሄዳ ታውቃለች?

የማለዳ እርምጃ ጀምሬአለሁ። (በየዓመቱ መስከረም ላይ እጀምራለሁ፤ ጥቅምት ላይ ብርዱ ያስተወኛል።) ባለፈው ቅዳሜ ቱታዬን ለብሼ ከቤቴል ወደ ወይራ ሰፈር ስወርድ፣ ጉልት ላይ ጎመን የሚዘረጉት እናት ገና ከሩቅ አይተውኝ «ልጄ፣ አንተማ የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ!» አሉኝ። «አለሁ እማማ» ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ግን አላለፈኝም።

የተቆረቆርኩት ለወፏ ነው። የት ሄዳ ታውቃለችና?

የመስቀል ወፍ የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጥቁር ላይ ቢጫ የደረበ አለ፣ ፍም የመሰለ ቀይ አለ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ጭራ እየጎተተ የሚንሳፈፍም አለ። «ወፏ» እንላለን እንጂ ያማረበት ሁሉ ወንዱ ነው። ክረምት ሲገባ ሚስት ፍለጋ ይህን ልብሱን ያወጣል፤ ወራቱ ሲያልፍ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆንና እዚያው ሣር ውስጥ ዘር ሲለቅም ይከርማል። ኅዳር ላይ አጥር ላይ አይተን «ድንቢጥ ናት» ብለን የምናልፋት ማን ሆነችና! የባለ ረጅም ጭራው ሚስትማ እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ልጁን ለጎረቤት ትቶ በጭራው የሚንጎራደድ አባወራ እኛም ሰፈር አይጠፋም፤ እሱን ግን ወፍ ያለው የለም።

መጥቶ የሚሄድ ከተፈለገማ፣ ያችውላችሁ፤ ወንዙ ዳር ከላሞች እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሯሯጠው ደረተ ቢጫ። 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ፍጥረት ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ ተነሥታ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ መስከረም ላይ ትደርስና እስከ ሚያዝያ ትከርማለች። ተረት አልወጣላትም፣ አልተዘፈነላትም። ሰፈራችን ኮልፌ መቼም እንግዳውን ሳያውቅ መሸኘት ልማዱ ነው፤ በ1954 ዓ.ም ክረምት ማንዴላ እዚሁ የፖሊስ ካምፕ ተኩስ ሲማር የሰፈሩ ሰው መች አወቀው? እሱስ ቢሆን በሌላ ስም የወጣ ፓስፖርት ይዞ ነበር። እሷ ያንንም አልያዘችም።

ይህን እያሰላሰልኩ አንድ አጥር ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ጥበቃው ዱላውን አስቀድሞ መጣ። «ምን ፈልገህ ነው? አጥር ጥግ አትቁም!»

በሥራ ቀን ሱፍ ለብሼ በዚያው በር አልፋለሁ። ብድግ ብሎ «እንዴት አደሩ ጌታዬ» የሚለኝ ይኸው ሰው ነው። ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም ሲል የኖረው ለኮቴ ኖሯል። ፊቴን አንድ ቀን አላየውም፤ ክራባቴን ነው ያወቀው። ከዚያ ደግሞ ዞር ብለው «ምነው ጠፋህ» ይሉሃል። ማን ጠፋ? ልብሴን ነው ያወለቅሁት!

ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሌሊቱን በብርድ ሲያነጋ ያደረ ሰው ነው። ደግሞ እኔስ እሱን ያለዚያ ካፖርቱ ታክሲ ውስጥ ባገኘው እለየዋለሁ? ሳንተዋወቅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄደን ይሆናል።

ስመለስ የወፏን ነገር ለእማማ አስረዳኋቸው። ጎመኑን እያሰሩ በጥሞና ሰሙኝ።

«እንዲያ ነው እንዴ? ታዲያ ያን ሁሉ ቀለም የት ታደርገዋለች?»

ላባዋ ይረግፋል ልላቸው ስል አንድ እስር መረቁልኝና «ነገም ትመጣለህ አይደል?» አሉ።

«እንዴታ!» አልኩ።

እሑድ ዘነበ።